ኮምፒውተር በድንገት ጠፍቶ ሲነሳ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ኩታበር ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፉን በማዘጋጀት ላይ የነበረ አንድ ተማሪ በዴስክቶፕ ኮምፒውተሩ እጅግ ተማረረ። መሣሪያው ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋና ራሱ መልሶ ይነሳል። «ቫይረስ ነው» ተብሎ ፎርማት ተደረገ፤ በዚህም ያልተገለበጡ ምዕራፎች ጠፉ፤ ችግሩ ግን እንደነበረ ቀጠለ። ለመሆኑ ፊዚክስ ስለዚህ ነገር ምን ይላል?

ከሶኬት የምናገኘው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። የኮምፒውተር ክፍሎች የሚሹት ግን 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው። ይህን ለውጥ የሚያከናውነው ፓወር ሰፕላይ የምንለው ሣጥን ነው። በውስጡ እስከ 310 ቮልት ገደማ የሚሞላ ካፓሲተር አለ። ካፓሲተሩ እንደ ውኃ ጋን ስለሆነ መስመሩ ለቅጽበት ቢቋረጥ ባጠራቀመው ጉልበት መሣሪያውን ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል ያቆየዋል።

ፓወር ሰፕላዩ ቮልቴጁ የተስተካከለ መሆኑን በአንድ ግራጫ ሽቦ አማካይነት ለማዘርቦርዱ ያስታውቃል። ምልክቱ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ሥራውን አቁሞ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ድንገተኛው መነሳት ራስን የመከላከል እርምጃ ነው ማለት ይቻላል።

ካፓሲተር በዕድሜ ብዛት ይደክማል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። በ2,500 ሜትር ከፍታ ደግሞ የአየር እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ዝቅ ይላል። በመሆኑም የደጋው አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም ማራገቢያው ጠራርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። አቧራ ሲታከልበት ሁኔታው ይብሳል።

ምርመራው በሦስት ደረጃ ይከናወናል። አንደኛ፣ ችግሩ መቼ እንደሚከሰት እንመዝግብ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካና አምፖሉ ሲደበዝዝ ከሆነ መስመሩን እንጠርጥር፤ ከባድ ሥራ ሲሠራ ብቻ ከሆነ ግን ሙቀትን ወይም ፓወር ሰፕላዩን። ሁለተኛ፣ ትርፍ በሆነ ባለ አራት ቀዳዳ ማገናኛ ላይ በቢጫውና በጥቁሩ ሽቦ መካከል ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር እንለካ። ልኬቱ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን ይገባዋል። ልኬቱ የሚወሰደው ኮምፒውተሩ በሥራ በተጠመደበት ጊዜ ነው፤ የደከመ ፓወር ሰፕላይ ሥራ ሲፈታ ጤነኛ ይመስላልና። ሦስተኛ፣ መልቲሜትር በሚሊሰከንድ የሚከሰተውን መውረድ ስለማያሳይ፣ ሌላ ምንም ሳንነካ ደኅንነቱ የታወቀ ፓወር ሰፕላይ ተክተን እንሞክር።

ሣጥኑን መፍታት ግን ክልክል ነው፤ ካፓሲተሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ለሕይወት የሚያሰጋ ቮልቴጅ ሊይዝ ይችላል።

የተማሪው ኮምፒውተር በውሰት በተገኘ ፓወር ሰፕላይ ሲሞከር ዳግመኛ አልጠፋም። ውድ አንባብያን፣ ፎርማት ከማድረግ በፊት ጽሑፍን መገልበጥ፣ ከመፍረድም በፊት መለካት ይቀድማል።