የእንደራሴዎችን መንበር በሕዝብ ቍጥር ስለ ማከፋፈል

የሶማሊላንድ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት 82 አባሎች እንዲኖሩት በሕገ መንግሥቱ ተወስኗል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 እና በ2021 በተደረጉት ምርጫዎች መናብርቱ ለማሮዲ ጄሕ 20፣ ለቶግዴር 15፣ ለአውደል 13፣ ለሳናግ 12፣ ለሶል 12፣ ለሳሕል 10 ሆነው ተደልድለዋል። በመካከሉ 16 ዓመት ቢያልፍም ድልድሉ አልተለወጠም። እንዲህ ያለው ጉዳይ ያለ ክርክር ስለማይታለፍ፣ ስሌቱን በአጭሩ መግለጽ ተገቢ ሆኖ ተገኝቷል።

ለምሳሌ ያህል የሦስት አውራጃዎች ሕዝብ 52,000፣ 33,000 እና 15,000 ይሁን፤ የሚከፋፈሉትም መናብርት 10 ይሁኑ። ጠቅላላው ሕዝብ 100,000 ስለ ሆነ ለአንድ መንበር 10,000 ሰው ይደርሳል። በዚህ መሠረት 5፣ 3 እና 1 መንበር ከተሰጠ በኋላ አንድ መንበር ይተርፋል። ጠቡም የሚነሣው በዚህች በአንዲቱ መንበር ነው።

አሜሪካዊው አሌክሳንደር ሃሚልተን ያቀረበው ዘዴ የተረፈውን መንበር ትልቅ ቀሪ ላለው ይሰጣል። ቀሪዎቹ 2,000፣ 3,000 እና 5,000 ስለ ሆኑ መንበሩ ለትንሹ አውራጃ ይሆናል። የቶማስ ጄፈርሰን ዘዴ ግን አካፋዩን ቍጥር ዝቅ በማድረግ ክፍልፋዩን ሁሉ ይተዋል። አካፋዩ 8,600 ቢሆን ውጤቱ 6፣ 3 እና 1 ይሆናል፤ መንበሩም ወደ ትልቁ ይሄዳል። ያን ጊዜ በትንሹ አውራጃ አንድ እንደራሴ ለ15,000 ሰው ሲቆም፣ በትልቁ ለ8,667 ያህል ብቻ ይቆማል። የዳንኤል ዌብስተር ዘዴ ግማሽና ከዚያ በላይ የሆነውን ክፍልፋይ እንደ ሙሉ ይቈጥራል፤ በዚህ ምሳሌ 5፣ 3 እና 2 ይሰጣል።

የሃሚልተን ዘዴ ቀላል ቢሆንም ጕድለት አለው። ከ1880ው የአሜሪካ ቈጠራ በኋላ ስሌቱ ሲሠራ፣ ምክር ቤቱ 299 መናብርት ቢኖሩት አላባማ 8 ታገኝ ነበር፤ 300 ቢሆኑ ግን 7 ብቻ። ምክር ቤቱ ሲሰፋ የአንዱ ድርሻ መቀነሱ ከፍትሕ ጋራ አይስማማም። የዌብስተር ዘዴ ከዚህ ነውር ነጻ ነው።

ይሁን እንጂ የታመነ ቈጠራ ከሌለ ማናቸውም ዘዴ አይረባም። በሐርጌሳ ዳር እንዳለው እንደ አያሃ ባሉት ሠፈሮች ከስደት የተመለሱና ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎች ሠፍረዋል። እነዚህ ሰዎች በሚኖሩበት ካልተቈጠሩ ድምፃቸው ለሌላ ሥፍራ ይታሰባል።

ስለዚህ ዘዴው በሕግ መወሰን የሚገባው ሕዝቡ ከመቈጠሩ አስቀድሞ ነው። ቍጥሩ ከታወቀ በኋላ የሚመረጥ ዘዴ ሁሉ ለአንዱ ወገን እንዳደላ ይታማልና።