«ጠመንጃ ለምን ፈለግህ?»

አውስትራሊያ ውስጥ ጠመንጃ መግዛት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ለምን ፈለግኸው? አዳኝ ነኝ፣ ገበሬ ነኝ፣ የዒላማ ተኩስ ክበብ አባል ነኝ ካለ ማስረጃውን ያቀርብና ጉዳዩ ይታይለታል። «ራሴንና ቤቴን ልጠብቅበት» ካለ ግን ማመልከቻው እዚያው ይቀራል፤ ሕጉ ራስን መከላከልን እንደ በቂ ምክንያት አይቀበልም። አሜሪካ ሄዶ ያንኑ ቢናገር ሻጩ ግራ ይገባዋል፤ ምክንያቱን ማን ጠየቀውና!

የአገሮች የመሣሪያ ሕግ ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ የሚቀርበው በሕዝብ እጅ ያለው የጠመንጃ ብዛትና የሟች ቁጥር ነው። ቁጥሩ ይጠቅማል፣ እመለስበታለሁ። ልዩነቱን ከሥሩ ለማየት ግን የማስረዳት ሸክሙ በማን ላይ እንደወደቀ መጠየቅ ይሻላል፦ ዜጋው ለምን እንደፈለገ ያስረዳ ወይስ መንግሥት ለምን እንደሚከለክል? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ ሸክሙን በመንግሥት ላይ ጥላለች። በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ግማሹ ስለ ሚሊሻ ያወራል፣ ግማሹ ሕዝቡ መሣሪያ የመያዝ መብቱ እንዳይነካ ያዛል። መብቱ የሚሊሻው ነው ወይስ የእያንዳንዱ ሰው የሚለው ክርክር ረጅም ዘመን ቆይቶ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 «የግለሰብ ነው» ሲል 5 ለ 4 ወሰነ። የክሱ መነሻ ከ1976 ጀምሮ አብዛኛው ነዋሪ ቤቱ ውስጥ እንኳ ሽጉጥ እንዳይኖረው ይከለክል የነበረው የዋሽንግተን ዲሲ ሕግ ነበር። በ2022 ደግሞ ተራው የኒውዮርክ ሆነ። ከመቶ ዓመት በላይ በቆየው የግዛቱ ሕግ፣ ሽጉጥ ታጥቆ ከቤት መውጣት የሚፈልግ ሰው ከሌላው የተለየ ምን እንደሚያሰጋው ማስረዳት ነበረበት። ፍርድ ቤቱ ይህን 6 ለ 3 ሻረው። ከዚያ ወዲህ አንድ ገደብ እንዲጸና ከአገሪቱ የቆየ የመሣሪያ ሕግ ልማድ ጋር እንደሚስማማ ማሳየት ያለበት መንግሥት ራሱ ነው።

አሜሪካ ሕግ የላትም ለማለት አይደለም፤ እንዲያውም የሚያስቸግረው መብዛቱ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖሩ ሐበሾች ነገሩ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው፦ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አድሮ፣ ዲሲ ሲሠራ ውሎ፣ ማታ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ የሚጠይቅ ሰው በአንድ ቀን ሦስት የመሣሪያ ሕግ ያቋርጣል። ከሦስቱ ላላ ብላ የቆየችው ቨርጂኒያ ናት። ሜሪላንድ ከ2013 ጀምሮ ሽጉጥ ገዢ አሻራ እንዲሰጥና ሥልጠና እንዲወስድ ታዛለች፤ ዲሲ እያንዳንዱ መሣሪያ ፖሊስ ዘንድ ይመዝገብ ትላለች። ቨርጂኒያ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ሽጉጥ ጥይት ጎርሶ መኪና ውስጥ እያለ የፖቶማክን ድልድይ የተሻገረ፣ የዲሲ ፈቃድ የሌለው ሾፌር ወንጀል ሠርቷል። ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወንድሞች ይህቺን ልብ ቢሏት ደግ ነው።

አውስትራሊያ እንዲህ አጥብቃ መጠየቅ የጀመረችው በ1996 ነው። በታዝማኒያ ደሴት፣ ቱሪስት በሚበዛበት ፖርት አርተር፣ አንድ ሰው 35 ሰዎችን ገደለ። የፌዴራሉና የክልሎቹ ሚኒስትሮች በ12ኛው ቀን ተስማሙ፦ በየጥይቱ ማቀባበል ሳያስፈልጋቸው ቃታ በተሳበ ቁጥር የሚተኩሱ ረጃጅም መሣሪያዎች ከጥቂት ሰዎች በስተቀር ለሁሉም ተከለከሉ፤ መንግሥትም 650,000 የሚያህል ጠመንጃ ከሕዝቡ ገዝቶ አስወገደ። ወጪው የተሸፈነው ለጤና መድን በሚከፈለው ግብር ላይ ለአንድ ጊዜ በተጨመረች ትንሽ መዋጮ ነው። ይህን ያደረጉት ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ የወግ አጥባቂዎቹ መሪ ነበሩ፤ የተቆጣቸው ገበሬም የገዛ መራጫቸው ነበር። ሴል በተባለች ከተማ ለጠመንጃ ባለቤቶች ንግግር ሲያደርጉ ከኮታቸው ሥር ጥይት መከላከያ ለብሰው ታዩ፤ በኋላ መልበስ እንዳልነበረባቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ጠመንጃው ግን ከአገሪቱ አልጠፋም። ምክንያት እያቀረቡና ፈቃድ እያወጡ የሚገዙት በርክተው ዛሬ ብዛቱ ከ1996ቱ በልጧል።

አሜሪካኖች ለምን እንዲህ አላደረጉም የሚለው ጥያቄ የሚነሳው በየጭፍጨፋው ማግስት ነው። በ2012 ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ሲገደሉ፣ የገዢዎችን ማንነት ማጣራትን ለማስፋት የቀረበው ረቂቅ እንኳ በቀጣዩ ዓመት ሴኔት ውስጥ ወደቀ። የሃዋርድ ድፍረት አንድ ነገር ሆኖ፣ እንዳይነካ በሕገ መንግሥት የታጠረ መብት ፊታቸው አልቆመም ነበር።

ጃፓን ከሁሉም ታጠብቃለች። በ1958 የወጣው ሕጓ የሚጀምረው ማንም ሰው መሣሪያ አይያዝ ብሎ ነው፤ ፈቃድ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ልዩ ነገር ነው። ለአደን ጠመንጃ የጽሑፍ ፈተና፣ የተኩስ ፈተና፣ የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ፖሊስም ያጣራል። በ2022 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ የተገደሉት እቤት ውስጥ በተቀጠቀጠ መሣሪያ ነበር። ስዊዘርላንድን ደግሞ የጠመንጃ ወዳጆች መጥቀስ ይወዳሉ፤ «ሁሉም ታጥቆ ሰላም ነው» ይላሉ። የሚጠቅሱት ግማሹን ነው። ብዙ መሣሪያ ከውትድርና ግዴታ ጋር የመጣ ነው፤ ወታደሩ ቤቱ ያስቀምጠው የነበረው የክተት ጥይትም ከ2007 ወዲህ ተሰብስቧል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ጄኔቫ የሚገኝ የጥናት ተቋም በ2017 በዓለም በሲቪል እጅ 857 ሚሊዮን ያህል መሣሪያ እንደነበረ ገምቷል፤ ከዚህ 393 ሚሊዮኑ አሜሪካ ውስጥ፣ ከሕዝቡ ቁጥር በላይ ማለት ነው። በአሜሪካ በጥይት ከሚሞተው ሰው ግማሽ በላዩን የሚይዘው ግን የዜና መክፈቻ የሚሆነው ጭፍጨፋ ሳይሆን ራስን ማጥፋት ነው። በዚህ ላይ ከእስራኤል ሠራዊት የሚገኘው ልምድ ከብዙ ክርክር ይበልጥብኛል። በ2006 ወታደሮች ለሳምንቱ መጨረሻ ዕረፍት ቤታቸው ሲሄዱ መሣሪያቸውን ጦር ሰፈር ትተው እንዲሄዱ ታዘዘ፤ ራሳቸውን የሚያጠፉ ወታደሮች ቁጥር 40 በመቶ ቀነሰ። ማንም ትጥቁን አልተነጠቀም፤ መሣሪያው ለሁለት ቀን ከእጅ ራቀ እንጂ።

በእኛ አገር፣ በኢትዮጵያ፣ ጠመንጃ የአባት ውርስ ነው፤ በፉከራ የተወደሰ፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ የሚተኮስ። በ2020 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን በፈቃድ ያስተዳድራል፤ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች ያለውንም ነዋሪ ወደ ፈቃዱ ሥርዓት ሊያስገባ ይሞክራል። በወረቀት ካየነው ከአውስትራሊያ ወገን ነን። ገበሬው ግን «ለምን ፈለግኸው?» ሲባል የሚሰጠው መልስ አውስትራሊያ የማትቀበለው ያው መልስ ነው። ፖሊስ ጣቢያው የቀን መንገድ ርቆት፣ ነገ ማን እንደሚጠብቀው ሳያውቅ «ራሴን ልጠብቅበት» ቢል፣ ሞኝ ነው ለማለት አልደፍርም።

ሕግ ማጥበቅ ብቻውን የማይበቃበት ሌላው አገር ሜክሲኮ ነው። ሕገ መንግሥቷ መሣሪያን ቤት ውስጥ የመያዝ መብት ይሰጣል፤ በመላ አገሪቱ የነበረው ሕጋዊ መሸጫ ግን ለብዙ ዓመታት አንድ ብቻ ነበር፣ ያውም በዋና ከተማዋ፣ በጦር ሠራዊቱ የሚተዳደር። የአደንዛዥ ዕፅ ቡድኖቹ እዚያ ሰልፍ አይዙም፤ ብዙውን መሣሪያ በኮንትሮባንድ የሚያገኙት ከሰሜን፣ ከአሜሪካ ሱቆች ነው። ሜክሲኮ በ2021 የአሜሪካን የመሣሪያ አምራቾች እዚያው አሜሪካ ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025 ክሱን በሙሉ ድምፅ ውድቅ አደረገው፤ በ2005 የወጣ ሕግ አምራቾቹን ሌሎች በመሣሪያው ለሚፈጽሙት ወንጀል እንዳይጠየቁ ይጠብቃቸዋል። በአሪዞና ሱቆች ላይ የመሠረተችውን ሌላ ክስ ግን አንድ ዳኛ በ2024 እንዲቀጥል ፈቅደዋል።