ከ‹መጻሕፍት ዓለም› እስከ ቁም ሣጥን ስቱዲዮ

ደህና ድምፅ ያለው ሰው «ሬዲዮ ብትገባ እኮ!» ሳይባል አያድግም። መካሪው የማይነግረው መግቢያው የት እንደሆነ ነው። የአማርኛ የድምፅ ሥራ ባለፉት ስድሳ ዓመታት በሩን ደጋግሞ ቀይሯል። በድምፁ ማማር ብቻ ገብቶ የሰነበተ ሰው ግን በየትኛውም ዘመን ብዙ አልነበረም።

ለረጅም ጊዜ በሩ ቲያትር ቤት ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ‹ከመጻሕፍት ዓለም› ዝግጅት ላይ የሐዲስ ዓለማየሁን ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ተረከ። ልብ ወለዱ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ገጸ ባህርይውን ጉዱ ካሳን ግን በዓይኑ ከማንበቡ በፊት በጆሮው ያወቀው ሕዝብ ይበዛል። የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣና የበዛብህን ዓይን አፋርነት ከአንድ ጉሮሮ ለየብቻ ማውጣት የመድረክ ሰው ሥራ ነው። ወጋየሁም ተዋናይ ነበር፤ ትረካ የጎን ሥራው። ፍቃዱ ተክለማርያምና ተፈሪ ዓለሙም ከመድረክ ወደ ማይክራፎን የመጡ ናቸው። ሌላው በር ዜና ክፍል ነበር። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮና ከሁለት ዓመት በኋላ ከጀርመን መሰማት የጀመረው የዶይቸ ቬለ የአማርኛ ክፍል አንባቢ ይፈልጉ ነበር እንጂ ተዋናይ አይፈልጉም።

በ1990ዎቹ በሩ ወደ ሬዲዮ ድራማ ዞረ። ‹የቀን ቅኝት› ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ሲያስተምር፣ አድማጩ ለገጸ ባህርያቱ እንደ ጎረቤቱ እየተጨነቀ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ለተዋንያኑ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል በየሳምንቱ ማይክ ፊት መቆም ማለት ነበር። ከዚያ ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ሲበዙ ማስታወቂያ ተከተለ። ስለ ማስታወቂያው ብዙ የምለው የለኝም፤ ባንኩንም ሳሙናውንም ሪል እስቴቱንም ያው ጥቂት ድምፆች ይዘውት ስለነበር ጀማሪ የሚገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የጀመረው ‹ጸሐይ መማር ትወዳለች› ግን ሊጠቀስ ይገባዋል። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ የጀመሩት የአሻንጉሊት ፕሮግራም ነው፤ አማርኛ ለምትናገረው ቀጭኔ ለጸሐይ ድምፅ ማውጣትም ሥራ እንደሆነ ያየነው በእሱ ነው።

ትልቁ ለውጥ በ2008 ዓ.ም. መጣ። ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲከሰት የኪነ ጥበብ ሰዎች ተቃወሙ። የአገር ውስጥ ድራማ ተመልካቹንና ማስታወቂያውን ያጣል፣ ባህልም ይበረዛል አሉ። የማስታወቂያው ስጋት ተገቢ ነበር እላለሁ። ከስቱዲዮው መስታወት ጀርባ የሆነው ግን ተቃዋሚዎቹ ያላሰቡት ነው፤ ድምፅ ብቻውን የሙሉ ቀን ሥራ ሆነ። መልኩ የማይታይ፣ ስሙ የማይጠራ ወጣት ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ይውላል።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ወጣቷ በጠባብ ክፍል ቆማለች፤ በጆሮዋ ቱርክኛው ይገባል፣ ዓይኗ ከጽሑፉ ወደ ተዋናይቷ ከንፈር ይመላለሳል። እዚህ ላይ ቋንቋው ይረዳታል። ቱርክኛም እንደ አማርኛ ግሱን ወደ መጨረሻ ያቆያል፤ ስለዚህ ቁጣውም ልመናውም የሚያርፍበት ቦታ ይቀራረባል። «አንተ»ንና «እርስዎ»ንም ይለያል፤ አማት ስትመጣ ምን ብላ እንደምትጠራት አትቸገርም። ከእንግሊዝኛ ሲመለስ ግን ተዋናዩ ጮኾ አፉን ሲዘጋ የአማርኛው ግስ ገና መንገድ ላይ ነው፤ ተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩን ይገለብጣል፣ ያሳጥራል። ጀማሪን የሚጥለው ደግሞ ንግግሩ ሳይሆን ቃል የሌለበት ቦታ ነው፦ የሚያለቅስ ሰው ትንፋሽ፣ ማለክለክ፣ ሻይ ፉት ማለት፣ በር ላይ ደንግጦ «እ!» ማለት። ይህን ትምህርት ቲያትር ቤት እንኳ በዚህ ብዛት አይሰጥም። ቃናን የማይወድ ሰው ቢያንስ ይህን ቢቀበለኝ ደስ ይለኛል።

ዛሬ በሩ የትም ነው። ዩቲዩብ አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ እንደ ‹ተራኪ› ያሉ የመጽሐፍ መተግበሪያዎችም አሉ። ስልክና ርካሽ ማይክ ያለው ሁሉ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ ከልብሶቹ መሃል ይቀርጻል፤ ልብስ ማሚቶ ይውጣል። ቁራሌውን፣ የጎረቤትን ዶሮና በክረምት ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ግን አይውጥም፤ ስለዚህ ብዙው ተራኪ የሌሊት ሠራተኛ ነው (መብራት ካልጠፋ)። ማይክ ላይ ጠ፣ ቀ እና ጨ ይፈነዳሉ፤ ማይኩን ከአፍ ትንሽ ወደ ጎን ማድረግ ያለዝባቸዋል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይም ገጹን ቀድሞ ሳያነብ የሚቀርጽ ሰው «አለ» ላይ ተሳስቶ «ይገኛል» የሚለውን «ተናገረ» ያደርገዋል፤ ከዚያ ተመልሶ መቅረጽ ነው። አንድ ሰዓት የሚደመጥ ትረካ ከማንበቡና ከማረሙ ጋር ግማሽ ቀን ቢበላ አይገርምም።

በሩ ሰፋ እንጂ ክፍያው አልሰፋም፤ አዲስ ወጥመድም አለው። አብዛኛው ጀማሪ የሚጀምረው በሰው መጽሐፍ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። «ደራሲውን እያስተዋወቅኩት ነው» የሚለው ሰበብ አያዋጣም፤ መጽሐፉ ሳይገዛ ተደመጠ ማለት ነው። ለናሙና የሚሆን ነፃ ሥራ ግን ሞልቷል። በ1900 ዓ.ም. የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ‹ጦቢያ› አለ፤ በ1931 ዓ.ም. በስደት ያረፉት የኅሩይ ወልደ ሥላሴ መጻሕፍትም አሉ። አማርኛቸው ያረጀና ጠንካራ ነው፤ እሱን ያለ መንተፋተፍ ያነበበ ሰው የትኛውም ስቱዲዮ ቢጠራው አይቸገርም።

የመጨረሻው እንግዳ ማሽን ነው። ማይክሮሶፍት ‹መቅደስ› እና ‹አምሃ› የሚላቸው ሰው ሠራሽ ድምፆች አማርኛን ያነባሉ። ማጥበቅና ማላላት ላይ እነሱም ይሰናከላሉ፤ ልቅሶና ሹክሹክታ ገና አልሆነላቸውም። አጫጭርና ርካሽ የቪዲዮ ንባቦችን ግን እየወሰዱ ነው፤ ጀማሪ እጁን የሚያፍታታውም በእነዚያ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የሚገባ ሰው ቀደምቶቹ ያላስፈለጋቸውን ጥያቄ ይዞ መግባት አለበት። የቅጂ መብት አዋጁ ለከዋኞችም መብት ይሰጣል፤ ሥራው ግን አሁንም በአብዛኛው በቃል ስምምነትና በስልክ ነው የሚያልቀው። ክፍያው በገጽ ነው ወይስ በተጠናቀቀ ሰዓት? ማስታወቂያው ለስንት ወር ይተላለፋል? ስሜ ይጻፋል? ቅጂው ማሽን ለማሠልጠን ይውላል ወይስ አይውልም? እነዚህ አራቱ በወረቀት ሰፍረው ካልተፈረመባቸው ማይኩን ባይከፍት ይሻለዋል።