የመሬት ትልና የእርሻ አሠራር
ለልማት ሠራተኞችና ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ
የመሬት ትል እግር የሌለው፣ ሰውነቱ በቀለበት የተከፋፈለ የአፈር ነዋሪ ነው። የደረቀ ቅጠል፣ ገለባና ፍግ ከአፈር ጋር እየዋጠ ይመገባል። የሚጥለው ኩስ በዙሪያው ካለው አፈር ይልቅ ተክል በቀላሉ የሚወስደው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አለው። የሚቦረቡረው ቀዳዳ ደግሞ ውሃና አየር ወደ ሥር ያስገባል፤ ጎርፍንም ይቀንሳል። ከቆራጭ ትል ጋር ማምታታት አይገባም፤ የመሬት ትል ቡቃያ አይቆርጥም።

የአፈሩ ሁኔታ
1. እርጥበት፦ ትሉ የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ ቆዳው ከደረቀ ይሞታል። በበጋ ወደ ታች ወርዶ ተጠቅልሎ ይቆያል።
2. የውሃ መተኛት፦ መረሬ ወይም ዋልካ በክረምት ውሃ ሲቋጥር አየር ያጥራል፤ ትሉም ወደ ላይ ይወጣል። የውሃ ማጠንፈፊያ ቦይና ሰፊ መደብ ለሰብሉም ለትሉም ይበጃሉ።
3. ኮምጣጣነት፦ ፒኤች ከ4.5 በታች በሆነ አፈር የሚኖሩት ጥቂት ዓይነቶች ብቻ ናቸው። እንደ ነጆ፣ እንጅባራና ጨንቻ ባሉ ኮምጣጣ አፈር ባለባቸው አካባቢዎች አፈሩን አስመርምሮ በሚታዘዘው መጠን ኖራ መጨመር ያስፈልጋል።

የእርሻው አሠራር
1. ተደጋጋሚ እርሻ፦ ማረሻ ትሉን ይቆርጣል፣ ቀዳዳውን ያፈርሳል፣ ለወፍና ለፀሐይ ያጋልጠዋል። ለሁለት የተቆረጠ ትል ሁለት ትል ይሆናል የሚባለው ትክክል አይደለም። ጤፍ የደቀቀ ማሳ ስለሚፈልግ ደጋግሞ ይታረሳል፤ በበቆሎ ማሳ ላይ ግን አረም መቆጣጠር ከተቻለ እርሻውን መቀነስ ይቻላል።
2. ገለባና ኩበት፦ ዋናው ችግር ይህ ነው። ገለባው ለከብት፣ ኩበቱ ለማገዶ ሲውል ለትሉ ምግብ አይተርፍም። ገበሬው መኖና ማገዶ ሳያገኝ «አታንሣ» ማለት ዋጋ የለውም። ስለዚህ በድንበር ላይ የማገዶ ዛፍ መትከል፣ ቆረን በከፊል ማሳ ላይ መተውና ከብት የማይበላውን ተረፈ ምርት ኮምፖስት ማድረግ ይቀድማል።
3. ማዳበሪያ፦ በመጠኑ የተጨመረ ዩሪያ ሰብሉንና ሥሩን ስለሚያበዛ ይጠቅማል። ያለ ፍግ ለብዙ ዓመት ሲደጋገም ግን አፈሩን ያኮመጥጣል።
4. መድኃኒት፦ ካርባሪልና ካርቦፉራን ትሉን ይገድላሉ። መዳብ ያለበት የሻጋታ መድኃኒትም በአፈር ውስጥ እየተጠራቀመ ይጎዳዋል። ተባዩ ሳይታይ መርጨት አይገባም።

ማሳን ለመመርመር
በክረምት፣ አፈሩ ረጥቦ ውሃ ባልተኛበት ጊዜ፣ በጠዋት በማሳው 5 ቦታ ላይ 25 በ25 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈር። አፈሩ በሸራ ላይ እየተፈረፈረ ትሎቹ ይቆጠሩ። የአምስቱ አማካይ በ16 ሲባዛ በአንድ ካሬ ሜትር ያለውን ቁጥር ይሰጣል። ፍግ በሚያገኝ የጓሮ መሬትም በዚያው ቀን ተቆጥሮ ይነጻጸር።

ማጠቃለያ
በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ከታየ ማኅበሩ አንድ ማሳ መርጦ ፍግና ቆረን ይተውበት፤ በየዓመቱም በዚያው ወቅት ይቁጠር። ትሉ እንቁላሉን የሚጥለው ጥቂት በጥቂት ስለሆነ ለውጡ በአንድ ክረምት አይታይም። የልማት ሠራተኛውም ይህን ለአባላቱ አስቀድሞ ሊያስረዳ ይገባል።