ኪፓንዴ፦ አንገት ላይ የተንጠለጠለው ወረቀት

ባለፈው ሳምንት በታሪክ ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪዬ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ የኬንያ ሽማግሌዎች መታወቂያን ለምን ኪፓንዴ ይሉታል?» አለኝ። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኪፓንዴ በስዋሂሊ ቁራጭ ማለት ነው። ኬንያ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች በ1915 ዓ.ም. ሁለት ሕጎች ወጡ። አንዱ ለነጭ ሰፋሪዎች መሬት እስከ 999 ዓመት በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀደ። ሌላው ዕድሜው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዘ፤ ይኸኛው ሥራ ላይ የዋለው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሁለቱ ሕጎች የተያያዙ ናቸው። መሬቱ ተወስዷል፤ የሚያርሰው ሰው ደግሞ እንዳይሄድ መያዝ ነበረበት።

ወረቀቱ ላይ ስም፣ ጎሣ፣ የጣት አሻራ፣ የአሠሪው ስምና ደመወዝ ይጻፋል። ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ አሠሪው ካልፈረመለት ሌላ ቦታ መቀጠር አይችልም። እንደ ኮብላይ ተቆጥሮ ይታሰራል። ወረቀቱን በትንሽ የብረት ቆርቆሮ ከቶ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ሰዎቹ ታዲያ «የፍየል ቃጭል» አሉት። ነጮች ግን እንዲህ ያለ ነገር አልያዙም።

ሃሪ ቱኩ የሚባል በናይሮቢ የመንግሥት ስልክ ኦፕሬተር የነበረ ወጣት ኪፓንዴን፣ የጎጆ ግብርንና የሴቶችን የግዳጅ ሥራ ተቃወመ። በመጋቢት 1922 ታሰረ። ሕዝቡ ይፈታልን ብሎ ፖሊስ ጣቢያውን ከበበ። ወንዶቹ ሊበተኑ ሲሉ ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ የምትባል ሴት ወኔያቸውን ቀሰቀሰች። ፖሊስ ተኮሰ፤ እሷም ወደቀች። መንግሥት ራሱ ያመነው የሟች ቁጥር 21 ነው። ቱኩ ያለ ፍርድ ወደ ኪስማዩ ተጋዘ፤ ስምንት ዓመት ያህልም በግዞት ቆየ።

በ1947 ሕጉ ተቀይሮ ምዝገባው ለሁሉም ዘር ሆነ። ይሄን ጊዜ ብዙ ነጮች «አሻራ መስጠትማ ውርደት ነው» ብለው ጮኹ። ሌላው ሲያደርገው የኖረው ነገር ውርደት መሆኑ የታያቸው ተራው ሲደርሳቸው ነው!

ተማሪዬ ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ የእኛም ካርድ ኪፓንዴ ነው?» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ወዲያው መልስ አልመጣልኝም። በኋላ ግን እንዲህ አልኩት፦ «መመዝገብ በራሱ ክፉ አይደለም። የኪፓንዴ ክፋቱ ለአንድ ዘር ብቻ መውጣቱ፣ ፊርማውም በጌታው እጅ መሆኑ ነው። የእኛ ካርድ የተሰጠን ጥበቃ እንድናገኝበት ነው። ለዚያ ሥራ መዋል አለመዋሉን ግን መጠየቅ መብታችን ነው።»

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ካርዳችሁን አውጡና ከልጆቻችሁ ጋር አንብቡት። በስም ወይም በልደት ዘመን ላይ ስህተት ካለ ሳይውል ሳያድር አሳርሙ። ስለ እኛ የተጻፈውን እኛው ማወቅ አለብን።