«ኤይንት»፦ መዝገበ ቃላት የገባው ባለጌ

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ደንበኛ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አይ ኤይንት ጎት ኖ ካሽ» አለኝ። አገር ቤት የተማርኩት ሰዋስው ወዲያው ሥራውን ጀመረ። ሁለት አሉታ ሲገናኝ አዎንታ ይሆናል ተብለናል፤ እንግዲያው ሰውዬው ጥሬ ገንዘብ አለው ማለት ነው። እጄን ዘረጋሁ። እሱ ግን ካርዱን እያወዛወዘ በትዕግሥት ደገመልኝ። ለካ «ጥሬ ገንዘብ የለኝም» ነው የሚለው።

እርስ በርሱ የሚጣፋው አሉታ የሒሳብ እንጂ የቋንቋ ሕግ አይደለም። እኛም «አልመጣም» ስንል ግሱን ፊት በ«አል»፣ ኋላ በ«ም» እናስረዋለን፤ መጣ ማለት ነው ብሎ የሚረዳን የለም። በእንግሊዝኛም ከ600 ዓመት በፊት ባለቅኔው ቾሰር ሲጽፍ አሉታን መደራረብ ነውር አልነበረም። ክልከላው የጠነከረው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የሰዋስው መጻሕፍት ደራሲዎች ቋንቋውን ሥርዓት እናስይዘው ብለው ሲነሡ ነው።

ስድቡን ሁሉ የተሸከመው ግን «ኤይንት» ነው። ቃሉ ከጎዳና አልተወለደም። «አም ኖት» እና «አር ኖት» በአፍ ሲያጥሩ «አንት» ሆኑ፤ «አንት» ደግሞ ውሎ አድሮ «ኤይንት» ሆነ። አንድ ጊዜ የእንግሊዝ መኳንንት ራሳቸው ያለ ኀፍረት ይናገሩት ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ ጸሐፊዎች በድኻና ባልተማረ ገጸ ባሕርይ አፍ እየጨመሩት ሲሄዱ፣ መምህራንም ሲነቅፉት፣ ስሙ ጠፋ።

የሚገርመው፣ ቃሉ ሲባረር ቦታው ባዶ ቀረ። «እሱ አይደለም» ለማለት «ኢዝንት» አለ፤ «አንተ አይደለህም» ለማለት «አርንት» አለ። «እኔ አይደለሁም እንዴ?» ብሎ በአጭሩ ለመጠየቅ ግን የተፈቀደ ቃል የለም። ስለዚህ ጨዋው ሰው «አርንት አይ?» ይላል። «አይ አር» የሚል እንግሊዝኛ የት አለ? በእኔ ፍርድ ከሁለቱ «ኤይንት» ይሻላል፤ ፈራጅ ግን እኔ አይደለሁም።

እ.ኤ.አ. በ1961 የዌብስተር ሦስተኛው ትልቅ መዝገበ ቃላት ከ450 ሺህ በላይ ቃላት ይዞ ወጣ። አዘጋጁ ፊሊፕ ጎቭ ስለ «ኤይንት» ያሰፈሩት፣ ብዙዎች ቢነቅፉትም የተማሩ አሜሪካውያንም በንግግር ይጠቀሙበታል የሚል ነበር። ጋዜጦች ተነሡባቸው፤ እንግሊዝኛ ዘበኛውን አጣ የሚል ጩኸት ሆነ። አሜሪካን ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት ተናዶ የዌብስተርን አሳታሚ ሊገዛ ሞከረ፤ አልተሳካለትም። እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን መዝገበ ቃላት አወጣ፤ የቃላትን ተገቢነት የሚፈርዱ የጸሐፍትና የምሁራን ጉባኤም ሰየመለት። ጠቡ ሁሉ በአንድ አለመግባባት ነው። ጎቭ መዝገብ ያዥ ነኝ ሲሉ፣ ተቺዎቹ ዳኛ ይሁኑልን ይሉ ነበር።

ሌሎቹ የአፍ ቃላት፣ «ጎና» እና «ዋና»፣ ብዙ አያስቸግሩም፤ «ጎይንግ ቱ» እና «ዎንት ቱ» በፍጥነት ሲነገሩ ማለት ናቸው። ፕሬዚዳንቱም ሲናገር ይላቸዋል። «ኤይንት» ግን የራሱ ሥርዓት አለው። በጥቁር አሜሪካውያን እንግሊዝኛ «ዲድንት» በሚገባበት ቦታም ይገባል፤ «ሺ ኤይንት ጎ» ሲባል «አልሄደችም» ማለት ነው። ስሕተት የሚመስለው ሕጉን ለማያውቅ ጆሮ ነው።

ለእንግዳ ሰው የምመክረው ይህን ነው፤ ሲባል ለመረዳት ተማሩት፣ ለመናገር አትቸኩሉ። በሥራ ማመልከቻ፣ በኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅና በትምህርት ቤት ጽሑፍ «አይ ዶንት ሃቭ ኤኒ ካሽ» ይባላል። ልጃችሁ «ኤይንት» ይዞ ከትምህርት ቤት ከመጣ ግን ተበላሸ ብላችሁ አትቆጡት። ለጓደኛው እንዴት፣ ለአስተማሪው እንዴት እንደሚል ጠይቁት፤ ሁለቱን ከለየ እንግሊዝኛው ከእናንተ ይበልጣል።