የግድግዳዎ ልስን ለምን ይረግፋል?

በጐንደር አራዳ አሮጌ የጭቃ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ እንደ ሆነ፥ ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳዎን ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ሻግቶና ልስኑ ተላጦ አግኝተውት ይሆናል። መስከረም ሲጠባ ብዙ ሰው ስሚንቶ ገዝቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ለጥቂት ወራት ያምራል። በሚቀጥለው ክረምት ግን ስሚንቶው እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ጭቃውን ጭምር ይዞ ይወርዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃ ውሃ ይጠጣል፥ መልሶም ይተፋል። ስሚንቶ ግን ጥብቅ ስለ ሆነ ከመሬት የሚወጣውን ርጥበት ከውስጥ ያፍነዋል። የታፈነው ርጥበት ማገሩንና ቋሚውን ያበሰብሳል፤ ምስጥም ይጠራል። ላዩ ነጭ፥ ውስጡ የበሰበሰ ግድግዳ ሳይታሰብ ሊናድ ይችላልና፥ በተለይ ከአልጋዎ ራስጌ ያለውን ይመርምሩ።

ይህ በጭቃ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። የፋሲል ግቢ ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነበር። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጐንደርን ይዘው ሳሉ ሲጠግኗቸው ስሚንቶና ቤቶን አስገቡባቸው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጠጋኞች ያንን እያነሡ በኖራ ወደ መተካት ተመለሱ። ግቢው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1972 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ከልስኑ በፊት ውሃውን ይፈልጉ። የጣራው ፍሳሽ ከግድግዳው ሥር የሚያርፍ ከሆነ ቦይ ይቅደዱለት፤ ይህ ሳይሆን የሚለሰን ሁሉ ገንዘብ መጣል ነው። ቀጥሎ ግድግዳውን በጣትዎ አንጓ ያንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ሁሉ ያራግፉ፥ አቧራውን ይጥረጉ፥ በውሃ ያርሱት። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ምርጊት ውሃ መጥጦ ያሰነጥቀዋል።

ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀናት ይክረም፤ ሲከርም ይለሰልሳል፥ ይያያዛልም። አስቀድመው ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክሩት፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ ጭድ ወይም አሸዋ ይጨምሩ። አንድ ወፍራም ከመምረግ ሁለት ስስ ይሻላል፤ የመጀመሪያውን ሳይደርቅ ይጫሩት፥ ሁለተኛው እንዲይዝ። ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው በርጥብ ጆንያ ይጋርዱት። ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ በኖራ ይቀቡት፤ ኖራ ዓይን ያቃጥላልና ልጆችን ያርቁ።

የቤቱ ባለቤት «ስሚንቶ ይጠነክራል» ብለው ቢከራከሩዎ አንድ ጥግ ብቻ ልጠው የራሰውን ማገር ያሳዩዋቸው። ምርጊት የሚያውቁ እናቶችም በየሰፈሩ አይጠፉም፤ ግንበኛ ከመጥራትዎ በፊት እነርሱን ይጠይቁ።